ከኮድ በፊት ምርጫ፦ ታዳጊዎችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተማረ አንድ ሥርዓተ ትምህርት ሲመረመር

በኦክቶበር 2018 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ከፒትስበርግ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ዴቪድ ኢ. ዊሊያምስ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ከ200 በላይ ተማሪዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሙከራ ትምህርት ተሰጣቸው። ትምህርቱን ያዘጋጁትና የመሩት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ብዙዎች ኤም.አይ.ቲ. ብለው በሚያውቁት፣ ሚዲያ ላብ በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ የማስተርስ ተማሪ የነበሩት ብሌክሊ ፔይን ናቸው፤ ሥራው የተሠራውም ከሰው ጋር የሚግባቡ ሮቦቶችን በመሥራት በሚታወቁት በፕሮፌሰር ሲንቲያ ብሪዚል የምርምር ቡድን ውስጥ ነበር። በ2019 ያው ትምህርት ሰፋ ብሎ፣ በአሜሪካኖቹ የበጋ ዕረፍት ለአንድ ሳምንት በተካሄደ ካምፕ ተፈተነ። በዚያው ዓመት ሙሉው ሥርዓተ ትምህርት፣ ከመምህሩ መምሪያ እስከ ተማሪው የመልመጃ ወረቀት ድረስ፣ ለንግድ እስካልዋለ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዘጋጆቹ ያነሡት ጥያቄ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ኮድ መጻፍ ባይችልም እንኳ በየቀኑ የሚያገኘው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዴት እንደሚሠራ ሊረዳና ሊሞግተው ይችላል ወይ የሚል ነበር። በእኔ ግምገማ የሥርዓተ ትምህርቱ ዋና ጥንካሬ መልሱን በሁለት የሰው ምርጫዎች ላይ መመሥረቱ ነው፤ ማሽኑ የሚማርባቸውን ምሳሌዎች ማን መረጠ? ማሽኑ የሚደክምለትን ግብስ ማን ወሰነ? ድክመቱም የሚታየው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እስከ ሥራቸው ድረስ ባልተከተለባቸው ቦታዎች ነው።

የጉዳዩ መነሻ

በዚያ ወቅት ለታዳጊዎች ይቀርብ የነበረው የዘርፉ ትምህርት በአብዛኛው ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው በኮድ ሥልጠና ጫፍ ላይ የሚቀጠል ሲሆን፣ ስክራች ወይም ፓይተን የተባሉትን የኮድ ቋንቋዎች አስቀድሞ የለመደ ልጅ ብቻ የሚደርስበት የላይኛው እርከን ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ሁለተኛው ሮቦት ገጣጥሞ ማንቀሳቀስ ነው፤ ይህኛው ለልጆች እጅግ ደስ የሚል ቢሆንም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለት ጎማና ክንድ ያለው ነገር ነው የሚለውን ግንዛቤ ከማረም ይልቅ ያጠናክረዋል። ልጁ በኪሱ ይዞት የሚዞረው ስልክ፣ ቪዲዮ የሚመርጥለትና ቃል የሚጠቁመው ሥርዓት በሁለቱም መንገድ ሳይነካ ይታለፍ ነበር።

በሜይ 2018 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ማኅበር የሆነው ትሪፕል ኤ.አይ. ከኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ማኅበር ጋር ተባብሮ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምን መማር እንዳለበት የሚወስን እንቅስቃሴ ጀመረ። ከዚያ የወጡት አምስት ታላላቅ ሐሳቦች ዛሬ በብዙ አገሮች የትምህርት ሰነዶች ውስጥ ይገኛሉ፤ እነሱም ኮምፒውተር ዓለምን ካሜራና ማይክሮፎን በመሰሉ ሴንሰሮች መገንዘቡ፣ ስለ ዓለም ውክልና ይዞ ማሰላሰሉ፣ ከዳታ መማሩ፣ ከሰው ጋር መግባባቱ፣ በመጨረሻም በኅብረተሰብ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ናቸው። ዝርዝሩ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ተጽዕኖው አምስተኛ ሆኖ መቀመጡ በብዙ ክፍሎች ውስጥ የታወቀ መዘዝ አለው። ትምህርቱ ሲንዛዛ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ፈተና ሲደርስ የሚቀረው ሁልጊዜ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የፔይን ሥርዓተ ትምህርት ይህን አደጋ ያስወገደው ሥነ ምግባሩን ለብቻው ምዕራፍ አድርጎ ባለማስቀመጡ ነው፤ ቴክኒካዊው ትምህርት ራሱ ያለ ሥነ ምግባሩ ጥያቄ ወደፊት እንዳይሄድ ተደርጎ ተሠርቷል።

ቢንጎውና ሳንድዊቹ

ትምህርቱ የሚጀምረው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ወደ ሦስት ነገሮች በመከፋፈል ነው፦ ዳታ፣ ከዳታው የሚማር አልጎሪዝም (በቅደም ተከተል የተቀመጠ የአሠራር ትእዛዝ)፣ እና ትንበያ። ከዚያ ተማሪዎቹ በየቀኑ የሚያገኟቸው አገልግሎቶች የተጻፉባቸው የቢንጎ ካርዶች ይሰጧቸዋል። ካርዱን ለመሙላት ‹ይህን ተጠቅሜያለሁ› ማለት አይበቃም፤ አገልግሎቱ ምን እንደሚተነብይና ለዚያ ትንበያ ምን ዓይነት ዳታ እንደሚያስፈልገው መናገር ያሻል። ቪዲዮ የሚጠቁመው ሥርዓት የሚተነብየው ልጁ ቀጥሎ ምን ሊመለከት እንደሚችል ነው፤ ዳታውም እሱና እሱን የሚመስሉ ሌሎች ቀደም ሲል የተመለከቱት ነው። የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ የሚተነብየው መልእክቱ የማይፈለግ መሆኑን ሲሆን፣ ዳታው ሰዎች ቀደም ብለው ‹ይህ አይፈለግም› ያሏቸው መልእክቶች ናቸው። ጨዋታው ቀላል ቢሆንም አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ‹ኮምፒውተሩ ያውቃል› የሚለውን አነጋገር ‹ኮምፒውተሩ ካለፈው ተነሥቶ ይገምታል› በሚለው ይተካዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሳንድዊቹ መልመጃ ነው። ልጆቹ ምርጥ የለውዝ ቅቤና ማርማላታ ሳንድዊች ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ይህን መልመጃ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ‹ዳቦውን ክፈት›፣ ‹ቢላውን አንሣ› እያሉ ትእዛዝ በዝርዝር መጻፍን ለማስተማር ሲገለገሉበት ኖረዋል። የዚህ ሥርዓተ ትምህርት አዲስነት ‹ምርጥ› በሚለው ላይ ቆም ብሎ መጠየቁ ነው። ምርጥ ሲባል ጣፋጭ ነው? ጤናማ ነው? ቶሎ የሚደርስ ነው? ብዙ ቆሻሻ የማይተው ነው? ከዚያም የሒሳብ ባለሙያዋ ካቲ ኦኒል ካስፋፉት አሠራር የተወሰደ ሠንጠረዥ ይዘረጋል። በአንድ በኩል ባለድርሻዎቹ ይጻፋሉ፤ ልጁ፣ ወላጁ፣ ሐኪሙ፣ ለውዝ የማይስማማው የክፍል ጓደኛ፣ የለውዝ ቅቤ አምራቹ። በሌላ በኩል እያንዳንዳቸው ከአልጎሪዝሙ የሚፈልጉት ይቀመጣል። ሠንጠረዡ ሲሞላ፣ የሁሉም ፍላጎት በአንድ ግብ ውስጥ ሊገባ እንደማይችልና ግቡን የመረጠው ሰው የአንዱን ወገን ይዞ የሌላውን እንደተወ ለልጆቹ ግልጽ ይሆናል።

ይህ መልመጃ እንደ ማሟሟቂያ ስለሚመስል ብዙ ሰው በቶሎ ያልፈዋል። እንደ እኔ ግን ከጠቅላላው ሥርዓተ ትምህርት ሁለት ምሰሶዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ልጁ በኋላ ስለ ቪዲዮ ጠቋሚ ሥርዓት ሲማር፣ ሥርዓቱ ‹ክፉ› ወይም ‹ደግ› ነው ከሚል ፍርድ ወጥቶ ‹የማንን ምርጥ ነው የሚፈልገው?› ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችለውን መሣሪያ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ድመቶቹና ውሾቹ

ሁለተኛው ምሰሶ ጎግል በ2017 ያወጣው ቲቸብል ማሽን የተባለ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራ፣ ኮድ ሳይጻፍ ምስሎችን በምድብ በምድብ እያስገቡ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌዎች ተምሮ ግምት የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ለማሠልጠን የሚያስችል ነፃ መሣሪያ ነው። ተማሪዎቹ ድመትንና ውሻን የሚለይ ሞዴል እንዲሠሩ የሥልጠና ሥዕሎች ይሰጧቸዋል። የማይነገራቸው ነገር ሥዕሎቹ ሆን ተብሎ የተዛቡ መሆናቸውን ነው፤ የድመቶቹ ብዙና ዓይነታቸውም የተለያየ ሲሆን፣ የውሾቹ ግን ጥቂትና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው። ልጆቹ አሠልጥነው ሲጨርሱ ሞዴሉ አይቷቸው በማያውቃቸው ሌሎች ሥዕሎች ይፈተናል። ድመቶቹን በደንብ ያውቃል፤ ውሾቹን ደግሞ ደጋግሞ ድመት ይላቸዋል።

የማስተማር ጥበቡ የሚታየው ከዚህ በኋላ በሚሆነው ነው። መምህሩ ስለ አድልዎ ንግግር አያደርግም፤ ‹ለምን ይመስላችኋል?› ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ወደ ሥልጠናው ሥዕሎች ተመልሰው ይቆጥራሉ፣ ያነጻጽራሉ፣ ከዚያም ሌላ የተዘጋጀ የሥዕል ክምር ይሰጣቸውና የሥልጠና ስብስቡን ራሳቸው እንደገና እንዲያዘጋጁ ይደረጋል። ሁለተኛው ሞዴል ሲሻሻል የሚያዩት ነገር ተጨባጭ ነው፤ አልጎሪዝሙ አልተነካም፣ የተለወጠው ዳታው ብቻ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ልጁ የአድልዎን ትርጉም ከመስማቱ በፊት አድልዎ ያለበትን ነገር በእጁ ሠርቶ፣ መርምሮና አርሞ ይገኛል።

ከድመቶቹ ቀጥሎ ትምህርቱ በቀጥታ ወደ ሰው ፊት ይሻገራል። ተመራማሪዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ በዚያው በሚዲያ ላብ፣ አዲስ አበባ ተወልደው ካደጉት ከዶክተር ትምኒት ገብሩ ጋር ሆነው በ2018 ያወጡት ጥናት ለልጆቹ ይቀርባል። ጥናቱ የማይክሮሶፍትን፣ የአይ.ቢ.ኤም.ንና ፌስ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የቻይና ድርጅት ሥርዓቶች፣ የሰውን ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው ሲለዩ ምን ያህል እንደሚሳሳቱ መዘነ። ለመመዘኛ የተሰበሰቡት 1,270 ምስሎች የሩዋንዳ፣ የሴኔጋልና የደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም የአይስላንድ፣ የፊንላንድና የስዊድን የፓርላማ አባላት ፎቶዎች ነበሩ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከሦስቱ ሥርዓቶች ከፍተኛው የስህተት መጠን 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ውሻን ድመት የሚል ሞዴል የሠራ ልጅ ይህን ቁጥር ሲያይ ምክንያቱን ለመገመት የሌላ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ፊት ቢቀርብ ደግሞ ጥናቱ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንም፤ የሚሳሳተው በማን ፊት ላይ እንደሆነ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ሊጠልቅ ሲችል ያለፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የመፈተኛው ስብስብ ጉዳይ ነው። በድመትና በውሻ መልመጃ ልጆቹ የሚያርሙት የሥልጠናውን ስብስብ ነው፤ የመፈተኛው ሥዕሎች ግን በመምህሩ ተመርጠው፣ ሚዛናቸውን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው። በእውነተኛው ዓለም ያ ዋስትና የለም። ቡኦላምዊኒና ትምኒት አዲስ የምስል ስብስብ ለማዘጋጀት የተገደዱት ቀደም ሲል እንደ መመዘኛ የሚታዩት ስብስቦች ራሳቸው የተዛቡ ስለነበሩ ነው፤ ከሁለቱ የታወቁ ስብስቦች በአንዱ 79.6 በመቶ፣ በሌላው 86.2 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ነበሩ። መመዘኛው እንዲህ ሲሆን ስህተቱ ይደበቃል። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ ማሳየት ከባድ አይደለም። 90 ድመትና 10 ውሻ ባለበት ፈተና ላይ፣ የመጣለትን ሁሉ ‹ድመት› የሚል ሞዴል ምንም ሳያውቅ 90 ከ100 ያመጣል። ልጆቹ የመፈተኛውን ስብስብ ራሳቸው እንዲያዘጋጁና ሌላው ቡድን ‹ፈተናህ ራሱ ልክ አይደለም› እንዲላቸው ቢደረግ፣ የትምህርቱ ቁም ነገር ከሥልጠና ወደ ምዘና ይሸጋገር ነበር። የፈተና ውጤት ሕይወቱን ለሚወስንበት ተማሪ ደግሞ ‹ፈታኙን ማን ፈተነው?› የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚገባው ነው።

ሁለተኛው በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ቲቸብል ማሽን በጥቂት ሥዕሎች ብቻ ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ከዜሮ ስለማይጀምር ነው። በአሁኑ የመሣሪያው ስሪት ከሥር ያለው ሞባይልኔት የተባለ፣ ቀድሞ በብዙ ምስሎች የሠለጠነ ሞዴል ሲሆን፣ የተማሪው ሥዕሎች የሚያሠለጥኑት ከላይ የተጨመረችውን ቀጭን ክፍል ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች የሚሠለጥኑት ኢሜጅኔት ከተባለውና በስታንፎርዷ ፕሮፌሰር ፌይ ፌይ ሊ መሪነት ከተሰበሰበው፣ በ2009 ይፋ ከሆነውና ኋላ ላይ ከ14 ሚሊዮን በላይ ምስሎች ከያዘው ክምችት በተወሰደ ዳታ ነው። ስለዚህ ልጁ የውሾቹን ቁጥር ከድመቶቹ ጋር ሲያስተካክል ችግሩን በሙሉ የፈታ ቢመስለውም፣ እሱ ያላየው፣ ያልመረጠውና ሊያርመው የማይችለው ሌላ ዳታ ከሥሩ ተነጥፏል። ለ10 ዓመት ልጅ ይህን መተው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለ15 ዓመቱ ግን መደበቅ ነው። ዳታን ማስተካከል በተጠቃሚው እጅ ያለ ቀላል ጥገና ነው ብሎ ያደገ ወጣት፣ ትላልቆቹ ሥርዓቶች ለምን በቀላሉ እንደማይታረሙ ለመረዳት ይቸገራል።

ዩቲዩብን በወረቀት ላይ መንደፍ

የሥርዓተ ትምህርቱ ማሳረጊያ ዩቲዩብ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ገጹን እንደ አዳኝ እየፈለጉ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የት የት እንደተደበቀበት ይለያሉ፤ የፍለጋው ውጤት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ፣ ማስታወቂያው፣ የተከለከለ ይዘት የሚያጣራው ሥርዓት። ከዚያ በሳንድዊቹ የተለማመዱትን ሠንጠረዥ ዘርግተው የተመልካቹን፣ የወላጁን፣ የቪዲዮ አዘጋጁን፣ የማስታወቂያ ከፋዩንና የድርጅቱን ፍላጎት ያነጻጽራሉ። ስለ ጉዳዩ የተጻፈ የጋዜጣ ዘገባ አንብበው ይወያያሉ። በመጨረሻም ዩቲዩብን በሌላ ግብ እንደገና ነድፈው በወረቀት ያቀርባሉ።

የዩቲዩብ ምርጫ አጋጣሚ አልነበረም። የድርጅቱ የምርት ኃላፊ የነበሩት ኒል ሞሃን በጃንዋሪ 2018 እንደተናገሩት፣ ሰዎች በዩቲዩብ ላይ ከሚያሳልፉት የመመልከቻ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሥርዓቱ ከሚጠቁማቸው ቪዲዮዎች የሚመጣ ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ድርጅቱ የጠቋሚውን ግብ ለውጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት ዋናው መለኪያ ቪዲዮው ስንት ጊዜ ተከፈተ የሚለው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ታየ የሚለው ሆነ። ለውጡ በራሱ ምክንያት ነበረው፤ አሳሳች ርዕስና ምስል ለጥፈው ሰው እንዲከፍትላቸው ብቻ የሚሠሩ ቪዲዮዎች በአሮጌው መለኪያ ይጠቀሙ ነበር። አዲሱ መለኪያ ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ፤ ሰውን ማያው ላይ የሚያቆይ ነገር ሁሉ፣ ይጥቀምም ይጉዳም፣ በሥርዓቱ ዓይን እኩል ዋጋ አገኘ። አንድ ድርጅት የለወጣት አንዲት መለኪያ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ምሽት እንዴት እንደምትቀይር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ካምፑ በተካሄደበት ዓመት፣ በሴፕቴምበር 2019፣ ደግሞ ጎግልና ዩቲዩብ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስበዋል በሚል በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና በኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ የቀረበባቸውን ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ለመዝጋት ተስማሙ። በሠንጠረዡ ላይ ‹ልጅ› የሚለው መደብ ባዶ ሆኖ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው ምላሽ ነበር።

በንድፉ መልመጃ ላይ አንድ የምጠራጠረው ነገር አለ። ልጆቹ ግቡን እንዲለውጡ ይጠየቃሉ፤ ግቡን የለወጠ ሥርዓት ገቢውን ከየት እንደሚያመጣ ግን በጥብቅ አይጠየቁም። ሠንጠረዡ ማስታወቂያ ከፋዩን መዝግቦታልና በሩ ክፍት ነው፤ የተዋጣለት መምህር በዚያ በር መግባት ይችላል። ያለዚያ ንድፎቹ ሁሉ መልካም ምኞት ሆነው ይቀራሉ፤ ልጁም የዩቲዩብ ሠራተኞች ሐሳቡ ስላልመጣላቸው ብቻ ያላደረጉት ይመስለዋል።

ሙከራው ምን ያህል ያስረዳል?

ስለ ውጤቱ ሲነገር መጠንቀቅ ይገባል። የፔንሲልቬኒያው ትምህርት አጭር ነበር፤ ያስተማሩትም ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጁት ሰው ራሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የሞንቱር የትምህርት አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዓመት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ለማስተማር መርሐ ግብር የከፈተ፣ ለአዲስ ነገር ደጁን የከፈተ አስተዳደር ነበር። የበጋው ካምፕ ከመደበኛ ክፍል የሚለይ መሆኑም ግልጽ ነው። አዘጋጅ የሆነ ተመራማሪ ራሱ ሲያስተምረው የሠራለትን ትምህርት፣ 60 ተማሪ የያዘ ክፍል ውስጥ ያለ፣ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ሲይዘው ምን እንደሚሆን ሙከራው አያሳይም። ሥዕሎቹን ያዛባው መምህሩ መሆኑን ልጆቹ ሲደርሱበት ‹ለምን?› ብለው ለሚያነሡት የጥያቄ ናዳ መልስ ያለው መምህር ያስፈልጋል፤ መምሪያ ብቻውን አይበቃም።

የኤም.አይ.ቲ. ቡድን ይህን ክፍተት ያየው ይመስላል። ከዚህ ሥራ ቀጥሎ ከቦስተን ኮሌጅ ጋር የተዘጋጀውና በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የተደገፈው ሥርዓተ ትምህርት ወደ 30 ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን፣ የመምህራንን ሥልጠና ከፍ አድርጎ ይዟል። ሐሰተኛ ምስልና ድምፅ የሚያመነጩ ሞዴሎችን፣ እንዲሁም በዘርፉ ያሉ ሙያዎችን ጨምሯል። ድመቱና ውሻው ግን እዚያም አልቀሩም።

ከኖቬምበር 2022 ወዲህ፣ ማለትም ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ፣ ‹ይህ ትምህርት አርጅቷል› የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ታዳጊው ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲባል በመጀመሪያ የሚያስበው ምድብ የሚለይ ሞዴልን ሳይሆን፣ የቤት ሥራውን የሚጽፍለትን ነው። ሆኖም የቢንጎውና የሳንድዊቹ ጥያቄዎች አሁንም ይሠራሉ። ዳታው ምንድን ነው? ከኢንተርኔትና ከመጻሕፍት የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ። ምን ይተነብያል? ከዚህ በፊት ካለው ጽሑፍ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቁራጭ። ግቡስ? እዚህ ላይ ነው የሳንድዊቹ ሠንጠረዥ የሚመለሰው፤ ምክንያቱም እነዚህ ሞዴሎች ከመጀመሪያው ሥልጠና በኋላ ሰዎች ‹ይህኛው መልስ ይሻላል› እያሉ በሰጡት ምርጫ እንደገና ይሠለጥናሉ። ‹የሚሻል› ማለት ለማን የሚሻል ነው የሚለው ጥያቄ በሳንድዊቹ ላይ ከተነሣው የተለየ አይደለም። የጎደለው፣ ሞዴሉ ሲሳሳት ውሻን ድመት እንደሚለው ዓይነት በግልጽ የሚታይ ስህተት አለማሳየቱ ነው፤ በተዋበ አረፍተ ነገር የሐሰት ዓመተ ምሕረት ሲሰጥ ልጁ እንዲያውቅበት የተለየ መልመጃ ሊታከል ይገባል። ልጁ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የሰፈሩን ወይም የትምህርት ቤቱን ታሪክ፣ ሞዴሉን ጠይቆ መልሱን እንዲያርም ማድረግ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል።

ወደ አማርኛ ክፍል ቢመጣ

በኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከያዛቸው አራት ኮርሶች አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ነው። መጀመሩ የሚበረታታ ነው፤ ነገር ግን በግል፣ በማያ ፊት ተቀምጦ የሚወሰድ ኮርስ ሲሆን፣ እዚህ የመረመርነው ሥርዓተ ትምህርት ጉልበት ያለው ደግሞ በክርክሩ ላይ ነው። ‹ምርጥ› ምንድን ነው በሚለው ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ሊከራከር አይችልም።

ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ አማርኛ ቢመጣ ከመተርጎም ይልቅ መልሶ መሥራት የሚያስፈልጋቸው ክፍሎች አሉ። የለውዝ ቅቤ ሳንድዊች በብዙ ቤት የለም፤ ሽሮ ግን አለ። የምርጥ ሽሮ አሠራር እንዲጻፍ ቢታዘዝ፣ ለእናት ‹ምርጥ› ዘይትና ሽንኩርት የሚቆጥብ፣ ለልጁ ቅቤ የበዛበት፣ ለጾመኛው ቅቤ የሌለበት፣ ደም ብዛት ላለባቸው አያት ጨው የቀነሰ ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ራሱን ይሞላል። ከድመትና ከውሻ ጎን ደግሞ በእጅ የተጻፉ ‹ለ› እና ‹ሰ› ፊደላትን የሚለይ ሞዴል ማሠልጠን ይቻላል። የ‹ሰ› ናሙናዎች ሁሉ ከአንድ ተማሪ እጅ ጽሕፈት ቢወሰዱ፣ ሞዴሉ የሌሎቹን ‹ሰ› ሊስት የሚችልበት ምክንያት ወዲያው ይገባል፤ የሥልጠናውን ዳታ የሚያመነጩትም፣ የሚጎዱትም ራሳቸው የክፍሉ ልጆች ይሆናሉ። በዲሲ ወይም በቴል አቪቭ ቅዳሜና እሑድ አማርኛ ለሚማሩ ታዳጊዎች ይህ መልመጃ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ነው።

የመሣሪያ እጥረት ያለባቸው ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ፣ ቢንጎው፣ የአሠራር ጽሑፉ፣ ሠንጠረዡ፣ ውይይቱና የዩቲዩብ ንድፍ ሁሉም በወረቀትና በእርሳስ የሚሠሩ ናቸው፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የግድ የሚለው ሞዴሉን ማሠልጠን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ላፕቶፕና አንድ ካሜራ ካለ፣ መምህሩ በክፍሉ ፊት ሊያካሂደው ይችላል፤ ልጆቹ በየተራ ወጥተው ሥዕል ያስገባሉ፣ የቀሩት ሞዴሉ ምን እንደሚል ከመናገሩ በፊት በደብተራቸው ግምታቸውን ይጽፋሉ። አንድም ላፕቶፕ ከሌለ፣ ሥልጠናውን አንድ ተማሪ ራሱ ‹ሞዴል› ሆኖ ሊሠራው ይችላል፤ የታዩትን ሥዕሎች ብቻ መሠረት አድርጎ አዲሱን እንዲመድብ፣ ሌላ ምንም እውቀት እንዳይጠቀም ይታዘዛል። ይህኛው አማራጭ የማሽኑን ስሌት አያሳይም፤ የሥዕሎቹ ምርጫ መልሱን እንዴት እንደሚወስን ግን ያሳያል።